መብራት የጠፋበት እሑድ በመንግሥቴ ላውንደሪ

ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል የሲያትል ሰፈር ውስጥ በወር አንድ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወንዶች ተሰብስበው ልብሳቸውን እስከ መጨረሻው አውልቀው ይጨፍራሉ። ይህን ሰምቶ ፊቱን ያላጨማደደ ሰው የለም፤ ቢያጨማድድም አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ወሬው እንደሚያስደነግጠው አይደለም። ሽማግሌ አለ፣ ጎረምሳ አለ፣ ቦርጩ ቀድሞት በር የሚገባ አለ፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር አለ። ከበሮ ይመታል፣ ትከሻ ይነቀነቃል፣ ላብ በላብ ይኮናል። መጠጥ የለም፣ ፎቶ የለም፣ መነካካት የለም። የጭፈራው ርዝመት ልብስ ታጥቦ እስኪደርቅ ነው። ማድረቂያው ሲጮህ ሁሉም ትኩስ ልብሱን ለብሶ፣ አዲስ ሰው መስሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለ አጀማመሩ ግን የማይባል ነገር የለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ማይክሮሶፍት ካለበት ከሬድመንድ የሚመጡ የሶፍትዌር ልጆች በዝተዋል፤ እነሱ ደግሞ ምክንያት የሌለው ነገር አይዋጥላቸውም። አንዱ ከጥንት ግሪኮች ያመጣዋል። ሌላው አንድ የሕንድ መናኝ ያስተማረው ነው ይላል። በቀደም ጢሙን በዘይት ያበጠረ አንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ፣ ልብስ ማውለቅ ማለት የወንድነትን ጭንብል ማውለቅ እንደሆነ፣ ይህም በመሥራቾቹ በጥልቅ ታስቦበት የተጀመረ እንደሆነ ለአዲስ መጪዎች ሲያብራራ፣ መንግሥቴ የቆሸሸ ልብስ የተቆለለበት ቅርጫት ታቅፎ አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ልጁ "ይቅርታ፣ አባባ" ብሎ ዞር አለለት። መንግሥቴም አመስግኖ አለፈ። መሥራች የሚባለው እሱ መሆኑን ማን ነግሮት! በጥልቅ የታሰበበት ነገር እንዳልነበረም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የጀመረው ጭቃ ነው፤ ጭቃ፣ አልከፈትም ያለ የማጠቢያ በር፣ ደግሞም የአንድ ሰው ግትርነት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2006 ነው። የባቡሩ ሐዲድ ገና እየተቆፈረ ሰፈሩ ሁሉ አጥርና ጉድጓድ ነበር። መንግሥቴ ያን ጊዜ ሃምሳን ትንሽ አለፍ ብሏል። የጉለሌ ልጅ ነው። ላውንደሪው ከፊት ለፊት የማጠቢያና የማድረቂያ ማሽኖች፣ ከኋላ ደግሞ መስኮት የሌለው ሰፊ ክፍል ነበረው። ደንበኞች ትተውት የሚሄዱት ልብስ ከኋላ ይታጠፋል፣ ይተኮሳል፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ስም ይጻፍበትና መደርደሪያው ላይ ይደረደራል። መንግሥቴ በሥራው ቀልድ አያውቅም። ከሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ከጠፋ ወለሉን በአራት እግሩ እየዳኸ ይፈልጋል እንጂ "ሳይኖረው ነው የመጣው" አይልም። ባለቤቱ ረስቶት ዓመት የሞላው ጥቅል ሳይቀር አቧራው እየተጠረገ ይቀመጣል።

ሰው የሚያወራበት ግን በሌላ ነበር። በበጋም በክረምትም አገጩ ድረስ የሚደርስ ሹራብ ይለብሳል። ከእጁ የጥጥ ጓንት አይለይም። "ሳሙናው ያሳክከኛል" ይላል ለጠየቀው ሁሉ፤ ልብስ አጣቢ ነውና ማንም አይጠረጥረውም። እንጀራ ሲቀርብለት በሹካ ነው የሚበላው። ሰላምታም ከሩቅ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አንዳንዱ "ኩራት ነው" ይለዋል፣ አንዳንዱ "አሜሪካ አበላሸው" ይላል።

እውነቱ ለምጽ ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜው አንጓው ላይ የሽምብራ ፍሬ አክሎ ነጭ ሆኖ የጀመረው፣ እጁን፣ ክንዱን፣ ደረቱን ይዞ አሁን ወደ አንገቱ እየወጣ ነበር። ሐኪሙ አይተላለፍም፣ አያምም፣ አይገድልም ብሎታል። መንግሥቴ ግን "ሐኪሙ ሐበሻ መሃል ኖሮ አያውቅም" ባይ ነው። ጉለሌ እያለ ያለ እሱ ሠርግ አይደምቅም ነበር፤ ትከሻው ሲነሳ ሙሽሮቹ ተረስተው ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚያየው። ታዲያ አንድ ሠርግ ላይ ከፊቱ የምትጨፍር ልጅ እጁን ሊይዛት ሲዘረጋ አየችውና፣ የራሷን እጅ ሰብስባ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨፍሮ አያውቅም።

እንዲህ ሆኖ ብቻውን ማርጀቱን ለምዶት ነበር፤ እጅጋየሁ ባትመጣ። እጅጋየሁ ላውንደሪው መስኮት አጠገብ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ሱሪ የምታሳጥር፣ ዚፕ የምትቀይር የናዝሬት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ምላሷ ስል ነው፣ መቀሷም እንዲሁ። መንግሥቴ እንደ ጎረምሳ ነው የወደዳት፤ ጠዋት የበሩ ደወል ሲያቃጭል ልቡ ይመታል፣ ቀና ብሎ ግን "እንደምን አደርሽ" ከማለት አያልፍም። ስድስት ዓመት እንደምን አደርሽ አላት።

ያ እሑድ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው እጅጋየሁ ዳንቴል እየተረተረች፣

"ወንድሜ ዴንቨር ሱቅ ከፍቷል። ነይና አብረን እንሥራ ይለኛል" አለች።

"እህ" አለ መንግሥቴ።

"ከገና በኋላ እሄዳለሁ መሰለኝ፣ ጋሽ መንግሥቴ።" ቀና ብላ አየችው። "የሚያስቀረኝ ነገር ከሌለ።"

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ሴት ልጅ ከዚህ በላይ በሩን ልትከፍትለት አትችልም። መንግሥቴ ጓንቱን አየ። ላግባሽ ቢላት ጓንቱ መውለቁ ነው፣ ሹራቡ መውለቁ ነው፤ እሷም እንደዚያች ልጅ እጇን ሰብስባ ስትሸሽ ታየው።

"ዴንቨር ብርድ ነው ይባላል" አላት።

"ስለ አየሩ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" ብላ ወደ ዳንቴሏ ዞረች። ሳምንቱን ሙሉ ራሱን ሲረግም ሰነበተ።

እሑድ ላውንደሪው የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። መንግሥቴ በሩን ቆልፎ፣ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ፣ ጥቅሎቹን እያስተካከለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ኃይለ መስቀል ነው። ኃይለ መስቀል የከተማ አውቶቡስ ነጂ፣ ሆዱም ሳቁም ትልቅ የሆነ፣ ለመንግሥቴ በሲያትል የቀረው ብቸኛ ወዳጅ ነው።

"ሃሎ መንግሥቴ፣ ላውንደሪ ነህ? ሰዎች ይዤ እየመጣሁ ነው። ፒካፕ መኪናዬን በኋላ በር ፓርክ አደርጋለሁ። እንዳትደነግጥ።"

ኃይለ መስቀል ከሰፈሩ ሰዎች ጋር ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር ሐይቅ ዳር ያለውን እሾህ ለመመንጠር በፈቃደኝነት ወጥቶ ነበር። ሰሞኑን ሲዘንብበት የከረመው ዳገት ላይ አንዱ ሲንሸራተት ሌላው ሊይዘው፣ ሌላው ሲንሸራተት ሌላው ሊይዘው፣ ሁሉም ተያይዘው ታች ወርደዋል። አሥር የሚሆኑ ወንዶች በኋላ በር ሲገቡ ጥርሳቸውና ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። መሪያቸው ዋልተር የሚባል ጡረታ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ድሮ እሱም አውቶቡስ ነጂ ነበረ፤ ኃይለ መስቀልን ሥራ ያስተማረው እሱ ነው። ሰባ ሞልቶታል፤ በዚያው ዓመት ልቡን ተቀዶ ተሰፍቷል።

መንግሥቴ እንግዳም ጭቃም አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

"አውልቁ" አላቸው። "ሁሉንም። ካልሲ፣ የውስጥ ሱሪ፣ የቀረ እንዳይኖር። እኔ ግማሽ አላጥብም። ሲደርቅ ለብሳችሁ ትሄዳላችሁ።"

ሰዎቹ ተያዩ። ኃይለ መስቀል ቀበቶውን እየፈታ በአማርኛ፣ "እንጦጦ ጸበል ተጠምቀህ ታውቅ የለ? ወንድ ለወንድ ምን ይተፋፈራል" አለና፣ ለፈረንጆቹ ያንኑ በእንግሊዝኛ አሳጥሮ ነገራቸው። መንግሥቴ ለላውንደሪው የሚጠቀምባቸውን ፎጣዎች ሰጣቸው። ጭቃቸውን ጠረጉበት። መንግሥቴም ጭቃ የነካ ነገር ዓይኑ እያየ አያሳድርምና፣ ፎጣዎቹንም ሰብስቦ ከልብሱ ጋር ማሽን ውስጥ ጨመራቸው። በሮቹን ዘጋ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ማሽኖቹ ቀጭ ብለው ተቆልፈው ውሃ መሙላት ጀመሩ። ያ ሁሉ ወንድ እጁን ከፊት አጣምሮ ወደ ኋላው ክፍል ገብቶ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ነፋሱ የመጣው። ከውጭ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ መብራቱ ጠፋ፣ ማሞቂያው ጠፋ፣ ማሽኖቹ ቀጥ አሉ። መንግሥቴ ሄዶ የአንዱን በር ሳበ። አይከፈትም። የሁሉንም ሳበ። እነዚህ ማሽኖች መብራት ሲሄድ በራቸውን እንደቆለፉ ይቀራሉ። በመስታወቱ ውስጥ ሱሪው፣ ጃኬቱ፣ ፎጣው ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል።

"የፒካፑ ቁልፍ የት አለ?" አለ መንግሥቴ። "ቢያንስ ሽማግሌው እዚያ ገብቶ ይሙቅ።"

ኃይለ መስቀል በጣቱ ማሽኑን አሳየው። ቁልፉ ከነሱሪው ገብቷል።

የሱቁ ስልክ ይሠራ ስለነበር ኃይለ መስቀል ሚስቱን ኮል አደረገ። "ልብስ ይዘሽልኝ ነይ፣ የአሥር ሰው። ... ምን ሆናችሁ? ራቁታችንን ነን። ... ሃሎ? ሃሎ?" ዘግታበታለች። ደግሞ ደወለ፣ አስረዳት፣ እሷም ስቃ ስትጨርስ ሬኒየር ጎዳና ላይ ዛፍ ወድቆ መንገዱ መዘጋቱን፣ መንገድ ካገኘች እንደምትመጣ ነገረችው።

ክፍሉ ይቀዘቅዝ ጀመር። መንግሥቴ የእጅ ባትሪ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከመንገድ እንዳይታዩ የፊት መስኮቱን በጋዜጣ ሸፈነ። ኃይለ መስቀል ኮት የሚሸፈንበትን ረጅም ፕላስቲክ ቀዶ በአንገቱ አጠለቀ፤ ፕላስቲኩ ግን እንደ ብርጭቆ ሁሉን የሚያሳይ ነው፣ የሚሸፍነው አንድም ነገር የለም፣ ያም ሆኖ ሆዱ ላይ ሲደርስ ተተረተረ። ለአፍታ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቁ በጥርስ መንገጫገጭ ተተካ።

በዚህ መሃል አንድ ወጣት ባትሪውን አንስቶ ወደ መደርደሪያው አበራ። ከወለል እስከ ጣሪያ ጥቅል ነው። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ የክረምት ኮት፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ደረቅ። ልጁ እጁን ዘረጋ።

"አይነካም!" አለ መንግሥቴ።

"አንድ ብርድ ልብስ ብቻ—"

"አይነካም አልኩ።"

"አንተ ሰውዬ አብደሃል?" አለው ኃይለ መስቀል በአማርኛ። "ሰው ደርቆ ሊሞት ነው። ነገ አጥበህ ትመልሰዋለህ፣ ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። የኔ ቢሆን ቆዳዬን ገፍፌ እሰጥህ ነበር። የኔ አይደለም፤ አደራ ነው።"

ኃይለ መስቀል ትከሻውን ነቅንቆ ለሰዎቹ ለማስረዳት ሞከረ። አደራ ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ አጣለትና፣ "ሰው እምነት ጥሎበት ያስቀመጠው ነው፣ እሱ ሳይመጣ ከተነካ የሰውየው ስም ይጠፋል፣ ገባችሁ?" አላቸው። ልጁ አልገባውም። ጥግ ላይ የቆመው ዋልተር ግን ራሱን ነቀነቀ።

"ተዉት" አለ። "እኔ ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ ሰው ወንበር ላይ የረሳውን ጃንጥላ በዝናብ ቀን እንኳ ከፍቼ አላውቅም። ሰውየው ልክ ነው።"

ይህን ሲል ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከደረቱ መሃል እስከ ሆዱ የወረደው የቀዶ ጥገና ጠባሳ በባትሪው ብርሃን ያበራል። መንግሥቴ አየው። ብርድ ልብስ ያስከለከለው እሱ፤ ክልከላውን የደገፈለት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ብርድ ልብስ የሚያስፈልገው ሽማግሌ። አፈረ፤ የምር አፈረ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው የእሱ የሆነ ደረቅ ልብስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የለበሰው ነው።

መጀመሪያ ኮቱን አወለቀና ዋልተር ላይ ደረበው። ይህ አልከበደውም። ቀጥሎ የሽማግሌው እግር ሲሚንቶው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ጫማውን፣ ካልሲውን፣ ሱሪውን፣ ከሥሩ የለበሰውን የብርድ ሱሪም ጨምሮ ሰጠው። ኃይለ መስቀል "እንኳን ደህና መጣህ" ብሎ ሳቀበት። የዋልተር መንቀጥቀጥ ግን አልቆመም፤ ኮቱ ከፊት አይገጥምም፣ ደረቱ ክፍት ነው። መንግሥቴ አገጩ ድረስ በደረሰው ወፍራም ሹራቡ ውስጥ ቆሞ ይሞቀዋል።

ምን ያህል እንደቆመ አያውቀውም። ከፊቱ የተሰፋ ልብ ያለው ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላው በአማርኛ የሚያወራ፣ ለምጽ የሚለውን ቃል የሚያውቅ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሊያወራው የሚችል ሰው አለ። ፈረንጆቹን አልፈራም። የፈራው ኃይለ መስቀልን ነው። በመጨረሻ ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ ሳበ፣ ሌላውንም፤ ሹራቡን በራሱ ላይ ገፈፈና ሰጠ። "ልበስ" አለ።

ባትሪውን የያዘው ልጅ ብርሃኑን ወደ እሱ አዞረ። ነጩ ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ደረቱን አቋርጦ፣ በሁለቱም ክንዶቹ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ወርዷል። መንግሥቴ ዓይኑን ጨፈነ።

"ያምሃል?" አለ ልጁ።

"አያምም።"

"እንግዲያ ለምን ቆመሃል? ተንቀሳቀስ እንጂ፣ በረደን እኮ!"

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላውም ሳቀ። መንግሥቴ ዓይኑን ሲገልጥ ኃይለ መስቀል አጠገቡ ቆሞ ባዶ የሳሙና በርሜል እያገላበጠ ነው። ወዳጁ ደረቱን አየ፣ ፊቱን አየ፣ ከዚያ በርሜሉን ከብብቱ ሥር አድርጎ፣

"ስማ፣ እኔ ይሄን ሆድ ለአገር ካሳየሁ አንተ የምታፍረው በምንህ ነው?" አለና በመዳፉ መታው። ዱም። ደግሞ መታው። የሠርግ ምት ነው።

ያን ምት መንግሥቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሠርግ አዳራሽ ውጭ ቆሞ ነው የሰማው። አሁን ራቁቱን፣ በጨለማ፣ ብርድ ላይ መጣበት። ትከሻው ሳያማክረው ተነሳ። አንዴ ከተነሳ ደግሞ አልተመለሰም። ፈረንጆቹ ክብ ሠርተው አዩት፤ ከዚያ ይከተሉት ጀመር። እንዴት ያለ መከተል! አንዱ አንገቱን ይሰብቃል፣ አንዱ ክርኑን ያራግባል፣ አንዱ ከወገቡ በታች ብቻ ይንቀጠቀጣል። ሙሉ ልብስ የለበሰው ዋልተር ብቻ ነው፤ በመንግሥቴ ሹራብና በመንግሥቴ ጓንት ተውቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል፣ እንደ ሙሽራ አባት። ጓንት ያጠለቀ እጅ ጭብጨባ ድምፅ የለውም፣ እሱ ግን አላቋረጠም። ብርዱ ጠፋ። ላብ መጣ። መንግሥቴ ደስ አለው፤ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት የሚያውቅበትን ቀን ሊያስታውስ ቢሞክር አልመጣለትም።

የኃይለ መስቀል ሚስት የልብስ ሻንጣ ይዛ ስትደርስ ከውስጥ ከበሮና እልልታ የሚመስል ጩኸት ሰማች። የኋላውን በር ገፋ አድርጋ አንዴ አየች፣ ሻንጣውን ደፍ ላይ ወርውራ ሮጠች። ማንም አልሰማትም። መብራት መጥቶ ማሽኖቹ ሥራቸውን ሲቀጥሉ እንኳ ያቆመ አልነበረም፤ እንዲያውም "ቢያንስ እስኪደርቅ" ተባለ። ማድረቂያው ሲጮህ ነው ያቆሙት፤ ልማዱም በዚያው ቀረ።

ሲወጡ ዋልተር የተዋሰውን ልብስ አንድ በአንድ አጥፎ መለሰ። በር ላይ ቆሞም፣ "በሚቀጥለው ወር?" አለ።

"ምን የሚታጠብ አለ?" አለ መንግሥቴ።

"እስከዚያ እናቆሽሻለን።"

ይኸው ነው አጀማመሩ። ግሪክም የለበት፣ መናኝም የለበት። ኃይለ መስቀል ታሪኩን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር አወራው፤ ሰው አማተበ፣ ሳቀ፣ ደግሞ አማተበ። የራሱን ሆድ፣ የፕላስቲኩን መተርተር፣ የሚስቱን ሩጫ ሁሉ አወራ። አንዲት ነገር ግን ለማንም አልተነፈሰም፤ መንግሥቴም ይህን እስከ ዛሬ አይረሳለትም።

መንግሥቴ ሰኞ ጠዋት ላውንደሪውን ሲከፍት ጓንቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። ልቡ እንደ በርሜሉ ይመታል። ትላንት አሥር ሰው ፊት ቆሟል፤ ዛሬ የቀረው አንድ ሰው ነው፣ አንዷ ግን ከአሥሩ ትከብዳለች። ደወሉ አቃጨለ።

"ይሄ ሁሉ ጋዜጣ ምንድን ነው መስኮቱ ላይ?" አለች እጅጋየሁ ገና ኮቷን ሳታወልቅ። "ተዘረፉ እንዴ ጋሽ መንግሥቴ?"

ነገራት። ስለ ጭቃው፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ጥቅሎቹ፣ ስለ ፕላስቲኩ። እጅጋየሁ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እጆቹን እስከዚያ ከጀርባው አድርጎ ነበር። ከፊቷ መጥቶ ሁለቱንም ስፌት መኪናዋ አጠገብ ዘረጋቸው።

ሳቋ ቆመ።

"ለምጽ ነው" አላት። "ደረቴ ላይም አለ፣ አንገቴ ላይም ወጥቷል። ነገ ፊቴ ላይ አይወጣም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ዴንቨር እንዳትሄጂብኝ ነው። ላገባሽ እፈልጋለሁ። አሁን ካየሽ በኋላ አይሆንም ብትይም አልቀየምሽም።"

እጅጋየሁ አልሸሸችም። እጁን አላየችም እንኳ፤ ዓይኑን ነው የምታየው፣ ያውም ተቆጥታ።

"ለወንድምህ ልጅ ሠርግ ያን ጥቁር ኮት ስሰፋልህ አንገትህን የለካው ማነው?" አለች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

"አንቺ።"

"ታዲያ ዕውር ነኝ?"

"ታውቂ ነበር?"

"ዝም ያልኩት ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው። ስትነግረኝ አትሸማቀቅ ብዬ። ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ማዶ ቆመህ፣ ይቺ ሴት ብታየኝ ትጸየፈኛለች ስትል ኖርክ? እኔን? ምን አድርጌህ ነው እንዲህ ያለች ሰው ያደረግኸኝ?"

ለመሸሿ ተዘጋጅቶ ነበር። አዝና ብታለቅስለትም፣ እግዜር ይማርህ ብትለውም ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ቆዳውን ሲደብቅ እሷን በልቡ ሲያማት መኖሩ እስከዚያች ሰዓት አልታየውም ነበር። ታየው፤ ከለምጹ ይልቅ ይህ አሳፈረው።

"በድዬሻለሁ" አላት። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ደግሞ መጀመሪያ ያሳየኸው ለማን? ራቁታቸውን ለቆሙ ፈረንጆች!"

"ብርድ ስለነበረ—"

"ዝም በል።"

እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው፤ መሰብሰብም ፈርቷል። እጅጋየሁ በአንድ እጇ አንዱን ይዛ፣ ተቆጥታም ቢሆን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ በሌላው እጇ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ዴንቨርም ገና ጠዋት ነው፤ ወንድሟ በእንቅልፍ ድምፅ ሲመልስላት መንግሥቴም ይሰማል።

"ሃሎ፣ እኔ ነኝ። ስማ፣ አልመጣም። ... አይ፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። እዚህ አንድ ሰው አለ፣ ስድስት ዓመት አብሮኝ ውሎ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ቁጭ ብዬ ላሳውቀው ነው።"